ለማን አጨበጨብን?

ማጨብጨብ ቀላል ነገር ነው። ሕፃን ልጅ አፉን ሳይፈታ ይለምደዋል። እኛም ግቢ ከገባን ወዲህ ያላጨበጨብንለት ነገር የለም፤ ለእንግዳ ተናጋሪ አጨብጭበናል፣ የረዘመ ስብሰባ ሲዘጋ አጨብጭበናል፣ ጠፍቶ ያመሸ መብራት ሲመጣ በየመኝታ ክፍላችን መስኮት ብቅ ብለን አጨብጭበናል። እጃችን ከጆሯችን ጋር ይተዋወቅ እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ አንዲት ጓደኛችን እንድንጠይቅ አደረገችን። ነገሩ ወዲህ ነው።

በኅዳር ወር የሥነ ጽሑፍ ክበባችን የግጥም ምሽት አዘጋጀ። ዘጠኝ ሰዎች ለማንበብ ተመዘገቡ፤ ስምንቱ ወንዶች፣ ዘጠነኛዋ ይህችው ጓደኛችን። ስሟን አንጽፍም፤ “ጻፉት፣ ስሜን ግን ተዉት” ብላናለች። በክፍላችን ብዙ የሚያነብ፣ ትንሽ የሚናገር ማን ነው ቢባል እሷ ናት። ግጥም እንደምትጽፍ እናውቅ ነበር እንጂ ግጥሟን የሰማ አልነበረም።

ግጥሙ በልጅነቷ ስላሳደገቻት ሴት ነው። ሴትዮዋ እነሱ ቤት ሰባት ዓመት ኖራለች። የምትተኛው ማድ ቤት፣ ከከሰሉ ጆንያ አጠገብ ነበር። የጓደኛችንን ጠጉር የምትሠራት እሷ፣ ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን እጇን ይዛ የምታደርሳት እሷ ነበረች፤ ራሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ቀን የቤቱ እመቤት የወርቅ ቀለበት ጠፋ። ተፈለገ፣ ታጣ፤ በእሷ ተላከከ። ጥርቅምቃሚ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ከወር በኋላ ሶፋው ሲነሣ ቀለበቱ ከሥሩ ተገኘ። ቀለበቱን የፈለገው ሰው ብዙ ነበር፤ ሴትዮዋን የፈለገ ግን አልነበረም።

በዚህ ግጥም ውስጥ አንዲት ቃል ትመላለሳለች፤ “ገረድ” የምትል። ከ“በረድ” ጋር፣ ከ“መውረድ” ጋር ቤት እየመታች፣ እየሄደች እየመጣች፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ታንኳኳለች። ቃሏ ጨዋ አይደለችም። ያች ሴት ሰባት ዓመት ሙሉ የተጠራችው ግን በዚህች ቃል ነው።

ከምሽቱ አንድ ቀን አስቀድሞ የመድረክ መሪያችን ግጥሞቹን ሲያይ እዚህች ቃል ላይ ቆመ።

“ይቺ ትከብዳለች። መምህራን ይመጣሉ፣ እንግዶች ይመጣሉ። ‘የቤት ሠራተኛ’ በያት” አላት።

“ቤቱ ይፈርሳል እኮ” አለች።

“የማን ቤት?” አለ ከመካከላችን አንዱ ቀልደኛ። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ ቃሏን ሰረዘች። አይተናል፤ “ተይ አትሰርዢ” ያላት ግን አንድም ሰው የለም። የመድረክ መሪውን ብቻ ለመክሰስ አይደለም ይህን መጻፋችን። እሱ ከእኛ አንዱ ነው፤ ይህን ጽሑፍም አንብቦ “ልክ ነው፣ አውጡት” ብሏል።

በማግስቱ ስምንቱ ወንዶች በየስማቸው ተጠርተው ወጡ፤ እገሌ ከእገሌ ክፍል እየተባለ። የእሷ ተራ ሲደርስ መሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ “አሁን ደግሞ ለእህታችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ! ሴቶቻችንን እናበረታታ!” አለ። ገና ምንም ሳትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ቤት መምቻ ላይ ስትደርስ “በረድ” ብላ የተነሣችበት ስንኝ “የቤት ሠራተኛ” ላይ ወደቀ። ግጥም የሚያውቅ ጆሮ ቀለም ሲበዛና ቤት ሲፈርስ ወዲያው ይሰማዋል፤ ደረጃ ስንወርድ መጨረሻው መርገጫ ሲጎድልብን እንደሚሰማን ማለት ነው። ከኋላ አንድ ሰው ፍንን አለ። ሁለተኛው ላይ ብዙዎቻችን ሳቅን፤ ከሳቁትም መካከል ሴቶች ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ቃሉን ዘለለችው። ከዚያ በኋላ አቀርቅራ፣ እየተጣደፈች፣ እስከ መጨረሻው ወረደችው። እኛስ? አጨበጨብን። ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ ምሽት ጭብጨባ ሁሉ ትልቁ የእሷ ነበር። በጎን በር ወጥታ ስትሄድ “አፍራ ነው፣ ሴት ልጅ አይደለችም?” ተባባልን። ከዚያ በኋላ ክበባችን ደጃፍ አልደረሰችም።

በጥር የፈተናው ግርግር ካለፈ በኋላ ራሷ ፈለገችን። “የማሰማችሁ ነገር አለ” አለችን። አሜሪካ ያለ የአክስቷ ልጅ የላከላትን ድምፅ በስልኳ ይዛለች፤ ትንሽ ማጉያም ተውሳ አምጥታለች። ስድስት ሆነን በአንዲት ባዶ መማሪያ ክፍል ተሰበሰብን። ድምፁን ከመክፈቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። “ሴትዮዋን ብቻ እንዳትሰሙ፤ ሰዎቹንም ስሙ።”

ድምፁ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1971 በኒው ዮርክ ከተማ የተቀረጸ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 3 ቀን 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ረቡዕ ማታ ነበር። ቦታው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ማርቆስ ሲባል አንዱ ጓደኛችን ስድስት ኪሎ ያለው መስሎት “እዚህ ነው እንዴ?” ብሎ አሳቀን። ያኛው ማርቆስ በ1799 የተሠራ አሮጌ የፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ1966 ጀምሮ በዚያው ቅጥር ገጣሚዎች እየመጡ የሚያነቡበት ፕሮግራም ተቋቋመ፤ ከ1968 ጀምሮ ደግሞ አን ዋልድማን የተባለች ወጣት ገጣሚ ለአሥር ዓመት ያህል መራችው። ያን ጊዜ የቬትናም ጦርነት እየተፋፋመ፣ ወጣቱ የአባቱን ሥራ፣ የአባቱን ጠጉር አቆራረጥ፣ የአባቱን ጦርነት አልቀበልም ያለበት ዘመን ነበር። የእነዚህ “አንቀበልም” ባዮች ገጣሚዎች ደብር ያች ቤተ ክርስቲያን ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያን ዕለት ማታ ዋናው አንባቢ ጄራርድ ማላንጋ የተባለ ገጣሚ ነበር። ከእሱ ቀድማ ለማሟሟቂያ ያህል እንድታነብ የተፈቀደላት ፓቲ ስሚዝ የምትባል የ24 ዓመት ልጅ ናት። ዕድሜዋ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ያደገችው በኒው ጀርሲ ነው፤ ቤተሰቧ የናጠጠ አይደለም። ፋብሪካ ሠርታለች። በ1967 ወደ ኒው ዮርክ መጥታ መጻሕፍት መደብር ተቀጠረች። ከሠዓሊና ፎቶ አንሺው ከሮበርት ሜፕልቶርፕ ጋር ባንድ ብርድ ልብስ እየተኮራመቱ፣ ዳቦና ቀለም ከሁለት አንዱን እየመረጡ የኖሩትን ኑሮ ከብዙ ዓመት በኋላ መጽሐፍ አድርጋዋለች፤ መጽሐፉም በ2010 በአገሯ ትልቁን የመጻሕፍት ሽልማት አግኝቷል። ያን ረቡዕ ግን ታዋቂ አልነበረችም። ሸክላ አላሳተመችም፤ መጽሐፍ አልነበራትም።

ፓቲ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የሌሎችን ንባብ ስትከታተል ቆይታለች። ግሪጎሪ ኮርሶ የሚባል አንጋፋ ገጣሚ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሲሰለቸው በግልጽ ይጮኽ፣ አንባቢውን ይሰድብ ነበር ይባላል። ልጅቷ ያን አይታ “የኔ ተራ ሲደርስ የሚሰለች ሰው አይኖርም” ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ስለዚህም ብቻዋን አልወጣችም። በአንድ የሸክላ መሸጫ የሚሠራ ሌኒ ኬይ የሚባል ልጅ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ዕለቱ የጀርመኑ ጸሐፌ ተውኔት የቤርቶልት ብሬሽት ልደት በመሆኑ በእሱ ዘፈን ጀመረች፤ ንባቡንም ለወንጀለኞች ሁሉ መታሰቢያ አደረገችው። በቤተ ክርስቲያን! የመጨረሻው ግጥም ስለ አንድ ወጣትና ስለ መኪናው ነው፤ እዚያ ላይ ሌኒ በጊታሩ የመኪና ግጭት ድምፅ አሰማ። በዚያ አዳራሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲሰማ የመጀመሪያው እንደነበረ ራሷ ጽፋለች። ከፊሉ ሰው በደስታ ጮኸ፤ ከፊሉ “የግጥም ቅድስት ቦታ ረከሰ” ብሎ ተቆጣ። ያ ተሳዳቢው ኮርሶ ደግሞ ፈነደቀ።

እውነቱን እንናገር፤ ግማሹን ቃል አልያዝነውም። የምንማረው እንግሊዝኛ የኒው ጀርሲ አራዳ እንግሊዝኛ አይደለም። ልጅቷ ትፈጥናለች፣ ትውጣለች፣ ትቀልዳለች፣ ድንገት ደግሞ ድምፅዋ ይወፍራል። አንዱ ጓደኛችን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ “ይሄ ግጥም ነው ጫጫታ?” አለ። ሌላው “አዝማሪ ናት በቃ” አለ። ጓደኛችን ዝም አለች። እኛ ግን እንደታዘዝነው ሰዎቹን ማዳመጥ ጀመርን፤ ነገሩ የተገለጠልንም ያን ጊዜ ነው። አዳራሹ ባዶ ጆሮ አይደለም። ሰው ይስቃል፤ የሚስቀው ግን የሚያስቅ ቦታ ላይ ነው። እሷ አንድ ነገር ጣል ስታደርግ ምላሽ ይመጣል፤ እሷም ያን ምላሽ ይዛ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ከዚያ ጸጥታው አለ። ጸጥታ በቅጂ ይሰማል ብለን አስበን አናውቅም። ይሰማል። በአዳራሽ የተቀመጠ ሰው እስትንፋሱን ሲይዝ የሚፈጠር ጸጥታ ከባዶ ክፍል ጸጥታ ይለያል። እነዚያ ሰዎች ልጅቷን ለማበረታታት አልመጡም። ሊሰሟት፣ ካልጣመቻቸውም ሊቆጧት ነው የመጡት። መቆጣት የሚችል አድማጭ ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ዋጋ አለው።

መብራት ጠፋና ማጉያው ተዘጋ። በጨለማ ተቀምጠን ክርክር ጀመርን።

“አዝማሪ ናት” ያለው ልጅ የስድብ ያህል ነበር የተናገረው። ሌላዋ ጓደኛችን ያዘችው። “አዝማሪ ብትሆንስ? አዝማሪ ምን አጠፋ?” አለችው። እውነት ነው፤ “አዝማሪ” የምትለውም ቃል እንደ “ገረድ” ስንት ዘመን ለስድብ ስታገለግል ኖራለች። ለመሆኑ ከአዝማሪ ቤት አድማጭ የበለጠ አድማጭ የት ይገኛል? እዚያ የሚያዳምጠው ሰው እጁን አጣምሮ አይቀመጥም። “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ወይም አዝማሪዋ ተቀብሎ፣ አክሎበት፣ አንዳንዴም ወርዋሪውን ራሱን መትቶበት ይመልሳል። ቤት ያልመታ ስንኝ የወረወረ ይሳቅበታል። ቅኔ ቤትም ብንሄድ እንዲሁ ነው፤ የተሰማው ቅኔ ሲሠምር “ይበል!” ይባላል፤ ሳይሠምር ይነቀፋል፣ ይቃናል። “ይበል” ማለት “ጎበዝ፣ አይዞህ” ማለት አይደለም፤ ሰማሁ፣ ገባኝ፣ ወርቁን አገኘሁት ማለት ነው።

ከዚያ ሌላ ነገር ተነሣ። በአገራችን ሴት በሰው ፊት ግጥም ስታሰማ የመጀመሪያዋ የእኛ ጓደኛ ናት እንዴ? ሙሾ አውራጇን ማን ረሳት? ለቅሶ ቤት መሀል ቆማ፣ የሟቹን ሥራና ጠባይ በስንኝ እየሰደረች፣ ያልተነገረውን የቤተሰብ ጠብ ሳይቀር በሰም አልብሳ የምታወጣው ሴት አይደለችም? ለእሷ ማንም አያጨበጭብም። አድማጯ ደረት ይመታል፣ ያለቅሳል፣ ስንኟን ተቀብሎ ይደግማል። ያላስለቀሰች እንደሆነ ደግሞ ማንም “ለእህታችን” ብሎ በይሉኝታ አያለቅስላትም። አያቶቻችን ለሴት ገጣሚ ከእኛ የተሻሉ አድማጮች ነበሩ ማለት ነው። እኛ የተማርነው ነን ምስኪን አድርገን ያጨበጨብንላት።

የየካቲት 1963ን ነገር ያነሣነው በዚህ መሀል ነው። ያች ልጅ በኒው ዮርክ ጊታር ይዛ በቆመችበት ሰሞን በአገራችን ጥላሁን ግዛው ከተገደለ ገና አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቢሆነው ነው። ከዚያም አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ “ድሃው ይናገራል” የሚል ግጥም በሕዝብ ፊት አንብቧል። ርዕሱን ልብ ይሏል። ስለ ድሃው ይነገራል አላለም፤ ድሃው ራሱ ይናገራል ነው ያለው። የመድረክ መሪያችን በጨለማው ውስጥ “ያኔ እኔ ብኖር ‘ዝቅተኛ ገቢ ያለው ይናገራል’ በል እለው ነበር” አለ። ሳቅን፤ ግን እንደ ኅዳሩ አልሳቅንም። ጓደኛችንም በጨለማ ስትስቅ ሰማናት።

እዚህ ላይ ነው ስለ ፓቲ ስሚዝ ሌላ ነገር የነገረችን። በ1974 የመጀመሪያ ሸክላዋን ስታወጣ በአንዱ ገጽ ላይ ያደረገችው በልጅነቷ ስለሠራችበት ፋብሪካ የጻፈችውን ግጥም ነው። የግጥሙ ርዕስ በአንዲት የሽንት ቤት ቃል ይጀምራል፤ በጨዋ ጉባኤ የሚጠራ አይደለም። “ለሷም ‘እንግዶች አሉ፣ ለውጪው’ የሚላት ሰው አይጠፋም ነበር” አለች ጓደኛችን። “ብትለውጠው ፋብሪካው ይጸዳ ነበር? አይጸዳም። ግጥሙ ብቻ ነው የሚቆሽሸው።” ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ኅዳር ላይ ያልሰማነው ድምፅ ይሄ ነበር።

ከዚያ ወደ እኛ መጣች። “እናንተ አጨበጨባችሁልኝ፤ አልሰማችሁኝም ግን። ሳቃችሁ ይሻለኝ ነበር። ሲስቅ የነበረው ሰው ቢያንስ ስንኙ መስበሩን ሰምቷል።”

ምን ይመለሳል? ዝም አልን። አንዳችን “ለማበረታታት ብለን እኮ ነው” አልናት። “ማበረታታት ለታመመ ነው” አለች።

የጭብጨባ ነገር ለገጣሚው ራሱም አደገኛ ነው። ፓቲ ስሚዝ ከዚያ ረቡዕ በኋላ ከየአቅጣጫው ተጠርታለች፤ ግጥም እናሳትምልሽ፣ ንባብ አቅርቢ፣ ሸክላ እናስቀርጽሽ ተብላለች። እሷ ግን ሁሉም ነገር በጣም በቀላሉ የመጣ መስሎ ስለታያት ወደ ኋላ ብላ እንደነበር ጽፋለች። ዝነኛ ያደረጋት የመጀመሪያ አልበሟ የወጣው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ በ1975 ነው። በመካከሉ ጽፋለች፣ አንብባለች፣ ተለማምዳለች። እኛ ብንሆን በማግስቱ ፖስተር እናሠራ ነበር።

ከዚያም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2016 በስቶክሆልም የሆነው አለ። የዚያ ዓመት የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተሰጠው ለቦብ ዲለን ሲሆን፣ እሱ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ስላልተገኘ የእሱን ዘፈን የተጫወተችው ፓቲ ስሚዝ ናት። ሰባ ዓመት ሊሞላት ሃያ ቀን ቀርቷት ነበር። ንጉሡ ተቀምጠዋል፣ ሊቃውንቱ ተቀምጠዋል፣ ኦርኬስትራው ከበስተኋላዋ ነው። መሀል ላይ ግጥሙ ጠፋባት። ቆመች። ይቅርታ ጠየቀች፣ መደናገጧን ሳትሸሽግ ተናገረች፣ እንደገና እንዲጀመርላትም ለመነች። አዳራሹ አጨበጨበ። ይህን በስልክ አብረን አይተነዋል፤ ደግመን ደጋግመን አይተነዋል። ጓደኛችንን “ታዲያ ይሄ የአይዞሽ ጭብጨባ አይደለም ወይ? ከኛ በምን ይለያል?” ብለን ጠየቅናት። ትንሽ አሰበች። “ስትወድቅ አይተዋታል፤ አላስመሰሉም። እሷም አልሸሸችም። ለተነሣችበት ነው ያጨበጨቡት” አለች። በማግስቱ ሽልማት የተቀበሉ ሳይንቲስቶች ፓቲን አግኝተው መደናቀፏ የራሳቸውን የሥራ ውጣ ውረድ እንዳስታወሳቸው ነግረዋት እንደነበር እሷው ጽፋለች። ይህ ነው እንግዲህ ልዩነቱ። እነዚያ ሰዎች በእሷ መደናቀፍ ውስጥ ራሳቸውን አይተዋል። እኛ በኅዳሩ ምሽት በጓደኛችን መደናቀፍ ውስጥ ያየነው እሷን ብቻ ነው፤ ያደናቀፍናት እኛ ሆነን ሳለ።

መብራት ሲመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳናጨበጭብ ቀረን። አንዱ “ግጥምሽን ይዘሻል?” አላት። ይዛለች። ደብተሯን ስታወጣ አየነው፤ የተሰረዘው ቃል ከመሰረዣው በላይ በትልቁ ተጽፏል። “እህታችን” ያላት የለም። ተነሥታም አልቆመች፤ በተቀመጠችበት ጀመረች።

እንዴት እንዳነበበች ማብራራት ይቸግረናል። አልጮኸችም። ጊታር የለ፣ ክራር የለ። “ገረድ” ስትል ግን ቃሏ በሩን አንኳኳች፤ “በረድ” ብላ ሄዳ ተመልሳ አንኳኳች፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ቀለሙ ሞልቷል፣ ቤቱ ቆሟል። ኅዳር ላይ የሳቅንባቸው ስንኞች እነዚህ ናቸው ወይ ብለን አፈርን። ያፈርነው በሌላም ነገር ነው። ከመሀላችን ቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ሰው ያልተኛበት ስንት አለን? ፊደል ሳንቆጥር በፊት ጠጉራችንን የሠራችን፣ ምሳችንን የቋጠረችልን፣ የአባቷን ስም ግን የማናውቀው ሴት የሌለን ስንት ነን?

ወደ መጨረሻው ስትጠጋ ፊታችንን ወደ በሩ ያዞረ ድምፅ ሰማን። ክፍሉን የምታጸዳው ሴትዮ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማለች። ሁላችንም “እትዬ” የምንላት፣ ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ሰላም የምንላት ሴት ናት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቅንም። ቃሏን ሰምታለች። ደነገጥን። የመድረክ መሪያችን በግልጽ ላበው። ጓደኛችን ቀና ብላ አየቻትና ድምፅዋ አንድ አፍታ ቆመ። የምትዘለው መሰለን። አልዘለለችም። የመጨረሻውን “ገረድ” እትዬን እያየች አለች፤ ደብተሯን ዘጋች።

ጸጥ አለ። ያ በቅጂው የሰማነው ዓይነት ጸጥታ ነው።

እትዬ መጥረጊያዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። “ቀለበቱ መገኘቱን ነገራችኋት?” አለች።

ጓደኛችን አፏን ከፈተች፤ መልስ ጠፋባት። ቆይታ “አልነገርናትም፣ እትዬ” አለች።

“የሰው ስም ይዛ እኮ ነው የሄደችው። መንገር ነበረባችሁ” አለችና ባልዲዋን አንሥታ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች።

በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አላጨበጨበም። ለግጥም ከዚህ የሚበልጥ ምላሽ ከየትም መድረክ ሰምተን አናውቅም። እትዬ ግጥሙ አማረ አላለችም፣ ከፋ አላለችም። ግጥሙ የሚጠይቀውን ጥያቄ ሰምታ፣ እሷም ጠየቀች። ያች ልጅ በኒው ዮርክ ከአዳራሿ የፈለገችው፣ ሙሾ አውራጇ ከለቅሶ ቤት የምትፈልገው፣ ባለቅኔው ከጉባኤው የሚጠብቀው ይህንኑ ይመስለናል።

በሚያዝያ ክበባችን ሌላ የግጥም ምሽት አለው። ይህችን በማባዣ የምትወጣ ወረቀታችንን የምታነቡ ሁሉ ተጋብዛችኋል። ሁሉም አንባቢ በስሙ ይጠራል፤ “እህታችን” የሚባል ተራ የለም። ግጥም ተነብቦ ሳያልቅ አይጨበጨብም። ስንኝ ከሰበረ በኋላ “ለምን ሰበረ?” ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ አይቆጣበትም። ቃል አንሰርዝም። የጓደኛችን ስም ሦስተኛው ላይ ተጽፏል፤ ትምጣ አትምጣ ግን እርግጠኛ አይደለንም፤ እኛም አንለምናትም።

ለጊዜው ሌላ ጉዳይ ይዛለች። ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ወደ ድሮ ሰፈራቸው እየሄደች ከባለ ሱቁ፣ ከጉሊት ነጋዴዎቹ፣ ከድሮ ጎረቤቶች ያችን ሴት እየጠየቀች ነው። እስካሁን ያገኘችው ስሟን ከነአባቷ ብቻ ነው።